የሰባተኛው አባቴ ስም

ሙት መንፈስ፣ ጥላ፣ ዛር ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም ሒሳብ አስተምሬ የምኖር፣ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ "አይታችኋል ወይስ ሰምታችኋል?" እያልሁ የማናድድ፣ ስለዚህ ይህን ሳወራላችሁ በራሴ እያፈርሁ ነው፣ ግን እመኑኝ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው።

እናኑን ላገባ ሽማግሌ ልኬ ነበር፣ አባቷ የቡሬ ሰው ናቸው፣ ክፋት የላቸውም፣ ብቻ "የእኛም ዘር ከቋሪት የመጣ ነው፣ የእናንተም ከዚያው ከሆነ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልሰጥም" አሉ። እኔ ደግሞ የማውቀው ስድስት አባት ነው፣ ሰባተኛው ከቋሪት ተሰዶ ወደ እኛ አገር መጣ ከመባል በቀር ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። እዚያው ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ ዘር የሚቆጥሩ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ ሲሉኝ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ ሄድሁ፣ እዚያ አገር እግሬ ረግጦ አያውቅም።

ከመኪና ወርጄ መንገድ ብጠይቅ፣ ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና ብላ "ምነው፣ ጠፋህ እንዴ? ቅድም አሳይቼህ አልነበር?" አለችኝ። ከሌላ ሰው ጋር አምታትታኝ ነው ብዬ አለፍሁ። ጭቃው ላይ ወደ ሽማግሌው ቤት የሚወስድ የጫማ ዱካ አለ፣ የእኔ ጫማ ግራው ተረከዙ የተጠገነ ነው፣ ዱካውም እንደዚያው ነው፣ አይቼ እንዳላየ ሆንሁ። ደጁ ላይ የተኛው ውሻም ሳይጮህ ጅራቱን እየቆላ ተቀበለኝ።

አያ ተገኘ ዓይናቸው ደህና ያያል፣ ከፊታቸው ባዶ በርጩማ አለ፣ አጠገቡ ግማሽ የተጠጣ ጠላ።

"ምን ረስተህ ተመለስህ ልጄ?" አሉ።

"አያ፣ እኔ ገና መምጣቴ ነው።"

"እንዲህ እንደምትለኝም ነግረኸኝ ነበር" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ሰባተኛ አባትህን ቆጠርሁልህ፣ ስሙን ስትሰማ እዚህ ቁጭ እንዳልህ አለቀስህ። ኋላም 'ተመልሼ መጥቼ ብጠይቅዎት እንዳይነግሩኝ' ብለህ በማርያም አስምለኸኛል።"

ለመንኋቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "አንተው አስምለህ አንተው መሐላ አታስፈርሰኝ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ልነሣ በርጩማውን ስደገፍ ሙቅ ነበር።

ቡሬ ሽማግሎቹ ተሰብስበው ጠበቁኝ፣ ስድስቱን ቆጠርሁ፣ እናኑ በጓዳው በር በኩል ታየኛለች፣ ሰባተኛው ላይ ስደርስ አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ጠራሁ፣ "አያ ተገኘ ናቸው የነገሩኝ" ብዬም ጨመርሁበት። አባቷ በጣታቸው ቆጥረው ቆጥረው "አንገናኝም" አሉ፣ ተጋባን፣ ሁለት ልጅ ወለድን።

ባለፈው ሳምንት አያ ተገኘ ዐረፉ የሚል ወሬ መጣ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከኀዘኑ በፊት ውሸቴ አብሯቸው ተቀበረ ብዬ እፎይ ነው ያልሁ። እናኑ ግን "ያጋቡን ሰው ሞተው እንዴት ለቅሶ ሳልደርስ እቀራለሁ?" ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተነሣች፣ ምን ብዬ ላስቀራት? በማግሥቱ እመለሳለሁ ብላ ነበር። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፣ ስልኳ ዝግ ነው፣ ከገበዝ ማርያም የተነሣው መኪና ሁሉ ገብቷል፣ ልጆቹ እየደጋገሙ ይጠይቁኛል፣ እኔም ያ እኔን የመሰለው ሰው እዚያ አግኝቷት ስሙን ነግሯት ይሆን እያልሁ፣ ይህን የምጽፍላችሁ በር በሩን እያየሁ ነው።