ወረቀት የማይነካው መቀስ

መቀስ ማለት ሁለት ስለቶች በአንድ ብሎን የተጋጠሙበት፣ የሚቆርጠውን የማይመርጥ መሣሪያ ነው። ልጆች፣ ልብ በሉ፤ የሚመርጠው እጅ ነው።

ፌንጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ስሟ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው እንዲህ የተባለችው። የምትኖረው ከእናቷ የልብስ ስፌት ክፍል ጀርባ ነበር። እናቷ አንድ ሕግ ነበራት፦ ትልቁ ጥቁር መቀስ ጨርቅ እንጂ ወረቀት አይነካም። ወረቀት ስለቱን ዱልዱም ያደርገዋል።

አንድ ቅዳሜ ፌንጣ ለሰንበት ትምህርት ቤት የወረቀት ኮከቦች እንድታዘጋጅ ታዘዘች። የእሷ ትንሽ መቀስ ወረቀት ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። እናቷ የደንበኛ ልክ ልትወስድ ወጥታለች። ትልቁ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ነው።

“ለቤተ ክርስቲያን እኮ ነው” አለች ፌንጣ ለራሷ።

ልጆች፣ ፈተና ባዶ እጁን አይመጣም፤ ጥሩ ምክንያት ይዞ ነው የሚመጣው።

ሃያ ኮከቦች ቆረጠች። በጣም ያምሩ ነበር።

እናቷ ተመልሳ የነገዋን ሙሽራ ቀሚስ ስትቆርጥ መቀሱ ሐሩን ነከሰው፤ ጠርዙም ተተለተለ። ስፌት ወደምታስተምራት ወጣት ሠልጣኝ ዞረች።

“ወረቀት ቆርጠሽበታል?”

“ኧረ እኔ አልነካሁትም፣ እትዬ።”

“ታዲያ መቀሱ ብቻውን ነው ወረቀት የበላው? ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።”

ሠልጣኟ ሽርጧን መፍታት ጀመረች። ፌንጣ ሽርጡን አየች፤ ከጀርባዋ የደበቀቻቸውን ኮከቦች አወጣች።

“እማዬ፣ እኔ ነኝ።”

እናቷ መጀመሪያ ሠልጣኟን ይቅርታ ጠየቀች።

“መቀሱን ሳየው አማረኝ” አለች ፌንጣ እያለቀሰች። “ክፉ ስለሆንኩ ነው?”

“ጌታችንም ተፈትኗል፣ ልጄ። ግን እሺ አላለም። አንቺ መቁረጥም መተውም ትችዪ ነበር። አንዱን ስትቆርጪ እንኳ ማቆም ትችዪ ነበር። ሃያ ጊዜ እሺ አልሽ።”

“አሁንስ?”

“አሁንማ እውነቱን መናገር እንደምትችዪም አየን። በይ ተነሺ፣ ለሙሽራዋም ራስሽ ትነግሪያታለሽ።”

ሄዳ ነገረቻት። ሙሽራዋ የተተለተለውን ጠርዝ በጣቷ ለካች፤ ከዚያም ይቅር አለቻት።

መፈተን ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ ለፈተናው እሺ ማለት ነው።

መቀሱ ተሳለ። ሙሽራዋ የተተለተለው ጠርዝ ተቆርጦ አንድ ጣት ባጠረ ቀሚስ አገባች።