የገበታ ጨው በአሲዶች መደርደሪያ

ሬሳ እግሩ ሥር የተጋደመበት ገዳይ፣ ሮጦ ማምለጥ ሲገባው ቆሞ ጠርሙስ የሚደረድረው ለምንድን ነው?

መርማሪዋ ይህን ስታስብ ሽማግሌው ኬሚስት በቤተ ሙከራው ወለል ላይ በግንባሩ እንደተደፋ ነበር። ማጅራቱ የተመታበት የብረት መቆሚያ ታጥቦ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተጋድሟል። ከራስጌው «አሲዶች» የሚል የተለጠፈበት ቁም ሳጥን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሰልፈሪክ አሲዱ ጎን ሁለት እንግዶች ቆመዋል፤ አንድ የአሉሚኒየም ክሎራይድ ጠርሙስና አንድ የገበታ ጨው። የሁለቱም ቦታ ከፊት ለፊት ባለው የጨዎች መደርደሪያ ላይ ባዶ ቀርቷል።

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሟቹ ልጅ፣ ባሏና የሟቹ ታናሽ ወንድም። ከሟቹ ጋር ሆነው የተማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነበር። ሬሳውን አገኘሁ ብሎ የጮኸው ወንድምየው ነው።

«ምን መርማሪ ያስፈልገዋል?» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ቁም ሳጥኑን አላዩም? ኤሌክትሮንን አስረው ይውሰዱልን!»

«ኤሌክትሮን ማን ነው?»

«የወንድሜ አማች ነዋ! ባሕር ማዶ ተምሮ ከመጣ ጀምሮ አፉ ሌላ ቃል አያውቅም። አሲድ ማለት ውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ ነው። ቤዝ ሃይድሮክሳይድ ይሰጣል። አለቀ! ሠላሳ ዓመት አስተማርኩት፣ ማንም አልሞተበትም።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«ለእሱ ጨው ሁሉ አሲድ ነው! ሲያዛውር ወንድሜ ደረሰበት፣ ተው ሲለው ገደለው።»

ሲናገር ግራ እጁን ያወናጭፋል፤ ቀኙ ከኪሱ አልወጣም። በስንብት እጇን ስትዘረጋለት የግዱን አወጣው። የጣቶቹ ጫፎች ቀልተው ውሃ ቋጥረዋል።

«ምን ነካዎት?»

«ሳሙና አይስማማኝም» አለና መልሶ ከተተው።

ልጅቷ ሳሎን ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ባሌ ነው» አለች። «አሉሚኒየም ክሎራይዱ ከአሲዶቹ ጋር ገብቷል ብሎ አጎቴ ነግሮኛል። ከሱ በቀር እዚያ የሚያስቀምጠው የለም። ለእኔ አሲድ ፕሮቶን ሰጪ ነው፣ ቤዝ ተቀባይ። ጥንካሬውንም ተቀባዩ ይወስነዋል፤ ኮምጣጤ ውሃ ውስጥ ደካማ ነው፣ አሞኒያ ውስጥ ግን ጠንካራ። አባዬም በዚህ ይስማማ ነበር።»

«አባትሽና ባልሽ ተጣልተው ነበር?»

«ትናንት ተጯጯሁ። የአጎቴ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ አለው።»

«አባትሽስ?»

«በመጨረሻ እሺ አለው። ለአጎቴም ዛሬ ጠዋት ሊነግረው ነበር።»

«ታዲያ የፈለገውን ያገኘ ሰው ለምን ይገድላል?»

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። «እኔን አይጠይቁኝ። እሱን ይጠይቁት።»

ባልየው ኮሪደሩ ላይ ከፖሊስ ጎን ቆሟል።

«ሊያስሩኝ አይደል የመጡት? ይጨርሱና እንሂድ።»

«መጀመሪያ አሲድ ምን እንደሆነ አስረዳኝ።»

በንዴት አያት። «ጥንድ ኤሌክትሮን የሚቀበል። ሰጪው ቤዝ ነው። ሃይድሮጅን ኖረውም አልኖረውም።»

«አሉሚኒየም ክሎራይድስ?»

«ሁነኛ አሲድ! የኔው ጠርሙስ ደግሞ እርጥበት ያልነካው ነው፤ በእርጥብ እጅ ከነኩት ያቃጥላል።»

«የገበታ ጨውስ?»

ሳቅ አመለጠው። «ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚቀበለው ኢምንት ነው። እሱን አሲድ ብሎ የሚደረድር ኬሚስት ካገኙ ያስተዋውቁኝ።»

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። ማንም ከማንም ጎን አልቆመም።

«ገዳዩ ጠርሙሶቹን ያዛወረው ሌላ ሰው እንዲታሰርለት ነው» አለች መርማሪዋ። «ኤሌክትሮን የምትሉት ሰው ይሠራዋል ብሎ ያሰበውን ሠራ። አሉሚኒየም ክሎራይዱ ላይ ተሳካለት። ግን ጨው ሁሉ ለሱ አሲድ ነው ብሎ የገበታ ጨውንም ጨመረ።»

ልጅቷ ድንገት ቀና አለች። «የገበታ ጨው?»

«አዎ። አንቺ በባልሽ ሐሳብ ባትስማሚም ታውቂዋለሽ፤ ይህን አትሳሳቺም። የሚሳሳተው ሐሳቡን ከመጥላቱ የተነሳ ሊሰማው ያልፈለገ ሰው ነው።»

«እኔን ለማስጠርጠር ራሱ ሆን ብሎ ቢያሳስትስ?» ጮኸ አጎትየው።

«እጃችሁን አሳዩኝ።»

ባልና ሚስት ዘረጉ። የአጎትየው ቀኝ እጅ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

«ብረቱን አጠቡ፤ እጅዎን ሳያደርቁ ጠርሙሱን አነሱ። ክዳኑ ዙሪያ ዱቄት ነበር። እርስዎ ክፍል ውስጥ ሲያሳዩ የኖሩት አስቀድሞ ውሃ የያዘውን ነው፤ እሱ እንደዚህ አያቃጥልም። ይሄኛውንም ተራ ጨው ነው ብለው ናቁት። ዱቄቱ ክዳኑ ላይ በእርጥብ ጣት ተጋግሮ ደርቋል። አሻራው የማን እንደሆነ ልናገር ወይስ ይናገራሉ?»

አጎትየው ወንድሙ ወድቆ የነበረበትን ቦታ ትክ ብሎ አየ።

«ስሜን ሊፍቀው ነበር» አለ። «ትናንት ለመጣ ልጅ ብሎ፣ የገዛ ወንድሜ! ቁጭ ብሎ፣ እየሳቀ ነገረኝ!»

ፖሊሱ ሲወስደው እንኳ ባልየውን እየተሳደበ ነበር።

ልጅቷ ወደ ባሏ አንድ እርምጃ ተራመደች። እሱ ካፖርቱን ከመንጠልጠያው አነሳ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ገደልክ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም» አለ።

«ጠርሙሱ...»

«አዎ። ጠርሙሱን ጠየቅሽ።»

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

አመሻሹ ላይ ልጅቷ ስልኳን አንስታ ለባሏ ጻፈችለት፦ «የገበታ ጨው እንደነበረበት ቢነግሩኝ ኖሮ አንተ እንዳልሆንክ ወዲያው አውቅ ነበር። ይቅር በለኝ። የት ነህ?»

መልእክቱ እንደተነበበ ስልኩ አሳየ። መልስ ግን አልመጣም፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ።