በሔራን ልክ የተሠራው የፋና ሹራብ

ኅዳር ሲገባ የደብረ ብርሃን ብርድ ይበረታል። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ሲነጣ፣ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ስለ ልጇ ሹራብ ታስባለች። እናናየሁ ግን የምታስበው ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሹራብ ነበር።

የአልታየች ልጅ ሔራንና የእናናየሁ ልጅ ፋና በአንድ ሳምንት ተወልደው፣ በአንድ ቀን ተከትበው፣ ዘንድሮ አምስት ዓመት ሞላቸው። ጤና ጣቢያ በተመዘኑ ቁጥር ሔራን ትበልጣለች። ያን ቀን እናናየሁ ምግብ አይዋጥላትም። "ምን አጉድዬባት ይሆን? ሕመም ቢኖርባትስ?" እያለች ትብሰለሰላለች። በዚህ ላይ ሔራን እናቷ የሠራችላትን ቀይ ሹራብ ለብሳ በደጃቸው ስታልፍ፣ እናናየሁ እስክትርቅ ድረስ በዓይኗ ትከተላታለች።

አንድ ቀን ሹራቡ ታጥቦ በአልታየች አጥር ላይ ተሰጥቶ አየችው። ግራ ቀኝ ቃኘችና ሲባጎ አወጣች። ደረቱን፣ ቁመቱን፣ እጅጌውን ለክታ በየልኩ ቋጠረች። በማግስቱ ቀይ የሱፍ ክር ገዝታ ጀመረች።

ባሏ የሺጥላ ቋጠሮውን አይቶ፣ "ልጅቷ እዚሁ ቁጭ ብላለች፤ ለምን እሷን አትለኪያትም?" አላት።

"እኩያዋ አይደለች እንዴ? የእኔ ልጅ ከማን ታንሳለች!"

"ለባሿ ሔራን ከሆነች እሺ።"

"አንተ ደግሞ! ቢሰፋ ታድግበታለች።"

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሲባጎው ልጇ ምን ያህል እንደምታንስ እንዳይነግራት ፈርታ ነበር።

ሹራቡ አልቆ ፋና ስትለብሰው ትከሻው ወረደ፣ እጅጌውም ጣቶቿን ዋጠ። ፋና እጆቿን እያወናጨፈች፣ "እማዬ፣ እጄ ጠፋ!" ብላ ሳቀች። እናናየሁ እጅጌውን ሁለቴ ጠቀለለችላት። አልታየች ግን በር ላይ ቆማ፣ "ውይ እናንዬ፣ ይህ እጅጌ ረዝሟል፤ ከእሳት ጠብቂያት" አለች።

"የእኔን ልጅ ለእኔ ተዪልኝ!"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፋና ከሰሉ አጠገብ ልትሞቅ ቁጭ አለች። የተጠቀለለው እጅጌ ተፈትቶ ፍሙ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ሱፉ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ሸተተ፤ ከዚያ ጩኸት ተሰማ። እናናየሁ ክፉ ክፉውን ሁሉ ስታስብ ኖራ ይህን ብቻ አላሰበችውም ነበር። ደርቃ ቀረች። አልታየች ሮጣ ገብታ ሹራቡን አወለቀች፤ በልጅቷ እጅ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ስታፈስ ቆየች፤ ከዚያ ሁለቱ እናቶች ጤና ጣቢያ ወሰዷት። አንጓዋ ላይ ውኃ ቋጥሯል፣ ግን ይድናል ተባሉ።

ሲመለሱ እናናየሁ አንገቷን ደፋች። "ልኩን የወሰድኩት ከሔራን ሹራብ ነው። ከአጥርሽ ላይ።"

አልታየች የተቃጠለውን ሹራብ አነሣች። "እኔኮ የሔራንን ሦስት ጊዜ ተርትሬዋለሁ። ምነው ብትጠይቂኝ? ደረቷን ዙሪያውን ለኪና አራት ጣት ጨምሪ። እጅጌውን ግን አንጓዋ ላይ አቁሚ። ደግሞ አስቀድመሽ መዳፍ የምታህል ናሙና ሠርተሽ ለኪ፤ የእኔ እጅ ያጠብቃል፣ ያንቺ ያላላል።"

የፋና አንጓ ሲድን እናናየሁ ከተቃጠለው ሹራብ የተረፈውን ክር ተርትራ ልጇን አጠገቧ አቆመች። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በሲባጎው ለካቻት። ከዚያ ሲባጎውን ፋና አምና በለበሰችው ሹራብ ላይ ዘረጋችው። ሲባጎው አራት ጣት በለጠ።

"መቼ ነው ያደግሽው?"

"ድሮ ነዋ!" አለች ፋና።

እናቶች ሆይ፣ ሹራብ ስትጀምሩ ልጃችሁን ጠርታችሁ ለኩ። ዕድሜው ብቻ አይበቃም፤ የእኩያው ልብስም ልክ አይሆንም። እናናየሁ ዓመቱን ሙሉ አጥር ማዶ ስታይ፣ ልጇ አጠገቧ እያደገች ነበር።