ሃያ የተቀበሩ ዛጎሎች

«ከቀይ ክሩ እንዳታልፊ» አለ የመንደሩ ሹም ጋሽ ሶምኪያት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በክሩ በታጠረው ውስጥ ሃያ ዛጎሎች አሉ። ጎህ ሲቀድ ራሴ ነኝ የቀበርኳቸው። እንጨቷን ኖራ አስነክተሽ ቀዳዳው ውስጥ መስደድ ነው። ኖራው አቃጥሎት ብቅ ሲል ደግሞ ፈገግ በይ።»

ቻባ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ፣ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር፣ እዚህ ጭቃ ላይ ጣት የሚያህሉትን፣ ሥጋቸው የሚበላውን ዛጎሎች እያወጣች ስትጫወት ነው ያደገችው። አሁን እሱ ሊያስተምራት ነው። ኖራ በጆንያ እየደፉ ትልቁንም ትንሹንም የፈጁት እሱና ጓደኞቹ አይደሉም እንዴ? ያለቀውን ዛሬ ከሌላ አገር ገበያ ገዝቶ ይቀብራል።

ከከተማ የመጡት ባለሙያዎች ዛጎሉ አልቆ ካገኙት ዳርቻውን ለሁለት ዓመት ይዘጉታል። ካልሆነ ጆንያው ይቀጥላል።

እናቷ ጠጋ አለች። «ቻቢዬ፣ ለዛሬ ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ልንበላ ነው?»

«አሁንስ ምን እየለቀምን ነው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

ሰውማ ሞልቷል። ከኋላዋ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሟል፣ ከፊቷ የባለሙያዎቹ ካሜራ። እግሯ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ነው። ታናሽ እህቷ ኡን እጇን ጎተተቻት።

«አንዱን እኔ ላውጣ? ከክፍላችን በሕይወት ያለ ዛጎል ያየ የለም። ነገ እነግራቸዋለሁ።»

ቻባ የእህቷን ፊት ማየት አቃታት።

«እስቲ አሳዩን፣ የኔ ልጅ» አለች ቦት ጫማ ያደረገችው ባለሙያ።

ቻባ የኡንን እጅ እንደያዘች ክሩን ተሻገረች።

«ምን ነካት ይቺ ልጅ?» ሹሙ ሊስቅ ሞከረ። «እዚያ እኮ ጭቃው ይውጣችኋል!»

አልዞረችም። ሩቅ ሄዳ አንድ ቀዳዳ ስታገኝ ተንበረከከችና ኖራ የነካውን እንጨት ሰደደች። ባለሙያዋ ተከትላት መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?»

«ድሮ ሦስት ሳንቆጥር ይዘል ነበር።»

ኡን ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ላይ ስትደርስ ወደ ቀዳዳው አጎንብሳ አየች።

«ቻባ፣ የት ሄደ?»

«ቁጠሪ» አለቻት ቻባ፣ እንጨቱን ሳትነቅል።