ከአልሐምዱሊላህ በኋላ

ነገሩን ሁሉ ያመጣው አንድ ቃል ነው። ክፉ ቃል ቢሆን ሰው ይጠነቀቀው ነበር። ይኼ ግን ሐረር ጀጎል ውስጥ ሕፃን አፉን ሲፈታ ከሚማራቸው አንዱ ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል? ዓቢር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሰማችው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜም በጣቷ ተጭና አሳለፈችው። በዚያ ሰሞን ደስተኛ ነበረች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ዘላለምን ያገኘችው በጥቅምት ነው። ታላቅ እህቷን ለይላን ለእርግዝና ክትትል ሆስፒታል ወስዳ ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ረዥም ቀጭን ወጣት ግድግዳ ተደግፎ ሰዓቱን ያያል፣ ይጽፋል። ደግሞ ያያል፣ ይጽፋል። ዓቢር አላስችል አላት።

«ሚስትህ ምጥ ላይ ናት እንዴ?»

«ሚስት የለኝም።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?»

«እናንተ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቁ እየለካሁ ነው። እስካሁን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆኗችኋል።»

«ቆመህ ከምትለካን ገብተህ ብታስጠራን አይሻልም?»

ለይላ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። ወጣቱ አቀረቀረ፤ ከዚያ ገብቶ አስጠራቸው። በኋላ እንደነገራት የዚያን ዕለት መዝገብ መሰረዝ ነበረበት፤ የሚታዘብ ሰው በሚታዘበው ነገር እጁን አያስገባም። «በአንቺ ምክንያት የአንድ ቀን ልፋቴ ገደል ገባ» ሲላት፣ ገደል የገባው ልፋቱ ብቻ እንዳልሆነ ከዓይኑ አነበበች።

ዘላለም ከግንቡ ውጪ ካሉት የክርስቲያን ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው፤ የእናቱ የወይዘሮ የሺ ብቸኛ ልጅ። ሥራው ሕክምናው የት ጋ እንደሚበላሽ በጥናት መርምሮ ማስተካከል ነበር። የቤቱን ሐረሪኛና የገበያውን ኦሮምኛ የምትችል፣ እናቶችን እየጠየቀች የምትመዘግብ ሠራተኛ ሲፈልግ፣ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ፈታ የተቀመጠችው ዓቢር ተገኘች። የችግር መንስኤዎችን የሚያሰፍርበትን የዓሣ አጥንት የሚመስል ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲለጥፍ «ሐረር ከመቼ ወዲህ ነው ዓሣ የለመደችው?» ብላ ታሾፍበታለች። ማታ ማታ እስከ ጀጎል መግቢያ፣ እስከ ሸዋ በር ይሸኛታል፣ ከበሩ ወዲህ ግን አይገባም። በመካከላቸው የሱ ማተብና የሷ ሙስበሐ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን አላነሱትም። በሩ ሥር ዝም ብለው ይቆሙና፣ ዝምታው ሲከብዳቸው ይለያያሉ።

ሥራውን ያስተማራት ዕለት ታብሌቱን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«የወለደችው እናት ከመውጣቷ በፊት ‹አገልግሎቱ እንዴት ነበር?› ትያታለሽ። ካዘነች አንድ፣ በጣም ከረካች አምስት።»

«‹አልሐምዱሊላህ› ብትለኝስ?»

ትንሽ አሰበ። «ያው ረክታለች ማለት አይደለም? አምስት በያት።»

ቃሉ ያንን ብቻ ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን እሱ እያያት ነበር። «እሺ» አለች።

ሁሉም አልሐምዱሊላህ አሉ። የጀጎሎቹም፣ የአቦከር ሰፈሮቹም። አንድ ጠዋት ከገጠር፣ ከድሬ ጠያራ የመጣች ዐዚዛ የምትባል ልጅ እግር ሴት ባዶ እጇን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ልጇን ትናንት ቀብረውላታል። ዓቢር እንደ ደንቡ ጠየቀቻት። ዐዚዛ ወለሉን እያየች «አልሐምዱሊላህ» አለች። የዓቢር ጣት አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አምስት ቁጥርን ነካች።

ለማንም አልተናገረችም። ዘላለም በየሳምንቱ ግድግዳው ላይ ባለው ግራፍ የሚያኖራቸው የእርካታ ነጥቦች ወደ ላይ እየወጡ፣ ፊቱም አብሮ እየበራ ነበር። ያንን ፊት ማጨለም አልቻለችም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

የካቲት ገባ፣ ለይላም ወሯ ደረሰ። ዓቢር አንድ ቀን በድኅረ ወሊድ ክፍሉ ደጃፍ ስታልፍ የአዋላጆቹ ወንበሮች ላይ ዓይኗ ዐረፈ። ሁለት ናቸው። አንዱ ላይ ሰገነት የምትባለው አዋላጅ ተቀምጣለች፤ አንደኛው ባዶ ነው። በማግስቱም ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን አቧራ ጠጥቷል።

«ሁለተኛዋ አዋላጅ የት ሄደች?» አለችው ዘላለምን።

«ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። የዚህ ክፍል ውጤት ጥሩ ስለሆነ አንዷ ትበቃለች ተባለ።»

«የቱ ውጤት?»

ወደ ነጥቦቹ ጠቆማት።

«ዘላለም፣ ያ ውሸት ነው። ዐዚዛ ልጇን ቀብራ አልሐምዱሊላህ አለችኝ። አምስት ሰጠኋት።»

ታብሌቱን ገልጦ የዐዚዛን መስመር ፈለገ።

«እናትህ ጉልበታቸው ሌሊቱን ሲጠዘጥዛቸው አድሮ፣ ጠዋት ‹እንዴት አደሩ› ስትላቸው ምን ይሉሃል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ቀስ ብሎ።

«ስንት ትሰጣቸዋለህ?»

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ሪፖርቱ ሄዷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ጥያቄውን እንለውጣለን። አዋላጇን አሁን መልሱ ብል ማስረጃህ ምንድን ነው ይሉኛል።»

«ለይላ ሁለት ሳምንት የላትም።»

«እኔ እዚሁ ነኝ፣ ዓቢር። ምንም አትሆንም። ታምኚኛለሽ?»

አየችው። ማመን ፈለገች፤ አልሆነላትም። «ኢንሻአላህ» አለችው።

ፊቱ ፈታ አለ። እሱንም አምስት ብሎ ቆጠረው።

የፈሩት ይደርሳል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለይላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁሉም ሰላም ነበር። ዓቢር የምሥራቹን ለአባታቸው ለሐጂ ዐብዱረዛቅ ልትነግር ልብስ ሰፊዎቹ ወደተደረደሩበት ወደ መኪና ግርግር ጎዳና ሮጠች። ሐጂ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ለአላህ ምስጋና አቀረቡ፤ የዓቢርን ግንባር ሳሙ። ከቤት ሾርባ አስሞልታ ስትመለስ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ዘላለም ኮሪደሩ ላይ፣ በተከፈተው የክፍሉ በር ትይዩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሰዓቱን ያያል፣ ይጽፋል። ገና ስታየው ልቧ ደስ አለው፤ ቃሉን ጠብቆ እህቷን እየጠበቀላት ነው። ፈገግ አለችለትና አለፈች።

ውስጥ ዘጠኝ እናቶች ተኝተዋል። ሰገነት ከወዲያ ጥግ አንዲቱን እያገላበጠች፣ ቀና ብላ «ለይላ፣ እንዴት ነሽ?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ።»

የቃሉ መጨረሻ አልተሰማም። ሰገነት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዓቢር ግን የእህቷን ከንፈር አየች፤ ነጭ ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጠች።

ሾርባው ከእጇ ወደቀ። ፍራሹ በደም ርሷል፣ ከአልጋው ሥርም ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሰገነት በሩጫ መጣች፤ የለይላን ሆድ በእጇ እያሸች «ሐኪም ጥሩ፣ ደም አምጡ» ስትል ዘላለም በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ወረቀቱ ከእጁ ሾለከ። ዓቢር ወረቀቱን ከደጃፉ ስታነሳ ጽሕፈቱን አነበበች።

«8:05 — ከበር ተጠየቀች። ደህና። 8:35 — ከሩቅ ተጠየቀች። ደህና። በመካከሉ ማንም አልቀረባትም።»

«ማስረጃ ልሰበስብ ነበር» አለ ዘላለም፤ ድምፁ የሱ አይመስልም። «አዋላጇን እንዲመልሱ… ለሷ ብዬ ነው።»

ያን የመጀመሪያ ቀን ደንቡን ጥሶ ገብቶ ያስጠራቸው ሰው፣ ዛሬ ደንቡን አክብሮ ቆሟል።

ለይላ ተረፈች። ከሰጧት ደም አንዱ ከረጢት የዘላለም ነው። ማህፀኗን ግን አወጡት፤ ሌላ ልጅ አትወልድም።

በማግስቱ ዘላለም ኃላፊዎቹ ፊት ቆሞ ሪፖርቱ ስሕተት መሆኑን፣ ያሳሳተውም ራሱ መሆኑን ተናገረ። ነጥቦቹን ከግድግዳው ገነጠለ። አዋላጇ ተመለሰች፤ የእሱ ውል ግን አልታደሰም። ከመልቀቁ በፊት አዲስ ቅጽ አዘጋጀ። ስንት ጨርቅ ቀየርሽ፣ ስትነሺ ያዞርሻል ወይ፣ ማን ቀርቦ አየሽ የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። ከሁሉም በላይ በእጁ ጽሑፍ አንድ መስመር ጨመረበት፦ ‹ከአልሐምዱሊላህ በኋላስ?›

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸዋ በርን አልፎ ገባ። መኪና ግርግር ደርሶ ሐጂ ዐብዱረዛቅ ፊት ቆመ።

«ሐጂ፣ በልጅዎ ላይ ለደረሰው ምክንያቱ እኔ ነኝ። ሊያውቁት ይገባል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሐጂ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጡ። ወጣቱን ረዥም ጊዜ አዩት፤ ዓቢር ለምን ማታ ማታ ትዘገይ እንደነበርም ያኔ ሳይገባቸው አልቀረም።

«ልጄ በሕይወት አለች» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

እግራቸውን ወደ መኪናው መርገጫ መለሱ። የዚያን መልስ ቁጥር ዘላለም ሊነግራችሁ አይችልም።

ለሌላ ሥራ ወደ ጅጅጋ ሊሄድ ሲል ዓቢር ሸዋ በር ላይ አገኘችው። ከግንቡ ሥር ቆሙ፤ ያች የድሮ ዝምታቸው መጥታ አብራቸው ቆመች።

«እንዴት ነሽ?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ።»

አልተንቀሳቀሰም። «ከአልሐምዱሊላህ በኋላስ?»

በሕይወቷ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ከዚያ በኋላ፣ እወድሃለሁ» አለችው። «ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ፊትህን ባየሁ ቁጥር የለይላ ፍራሽ ይመጣብኛል። የኔ ጣትም እዚያ ደም ውስጥ አለ፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት፤ እንዳይከፋህ ብዬ። ሁለቱም እውነት ነው። በል፣ ስንት ትሰጠኛለህ?»

እስክሪብቶው እጁ ላይ ነበር። ኪሱ ከተተው።

«እንደ ነገርሽኝ እይዘዋለሁ» አለ። «ቁጥር አልሰጠውም።»

እሷ በበሩ ገባች። እሱ እንደ ልማዱ ከውጪ ቀረ።

ዓቢር አሁንም እዚያው ሆስፒታል ትሠራለች። በየጠዋቱ ቅጹን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው የእጁን ጽሑፍ ነው፤ አንዳንድ ቀን በጣቷ ትዳስሰዋለች። ከዚያ የወለደችውን እናት «እንዴት ነሽ?» ትላታለች።

«አልሐምዱሊላህ» ትላለች ሴትየዋ።

ዓቢር አትጽፍም። ያንን አቧራ ጠጥቶ የነበረ የአዋላጅ ወንበር ወደ አልጋው ታስጠጋና ትቀመጣለች።