የሰባት ቀን ሸክም

«ሸክምሽ የስንት ቀን ነው?»

ታርሚያ ያን ጠዋት ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበራትም። ጠያቂው ጉርማን ነበር፤ ከሰንዳር መንግሥት በስተሰሜን ያለውን፣ ዛፍ የማይበቅልበትን የሐመዳ ምድር የሚያውቅ የመጨረሻው መንገድ መሪ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አያ ጉርማን» አለችው። «ብቻ ከባድ ነው።»

«በሐመዳ ሰው የሚሸከመው ቀን ነው። አንድ ቀን ሲያልፍ የአንድ ቀን ስንቅ ይቀላል።» ከረጢቷን በአንድ እጁ አነሳና «አሥራ ሁለት» አለ። የልጇን የሲራኔን አነሳ። «አሥራ ሁለት።» የንጉሡን ጋሻ ጃግሬ የቦራድን አነሳ። «ይሄ አሥራ ሦስት ነው። ምን ጨመርክበት?»

«ማር ነው፣ አያ። ከዘንዶው ጋር ዕርቅ ቢመጣ ብዬ።»

«ማሩን አውጣ።»

ከዚያም ሦስቱን ፊቱ አቁሞ የመሪዎችን ሕግ ነገራቸው። «ሸክማችሁን ዳግመኛ አላነሳም፤ በየማለዳው በልቤ እቀንሳለሁ። በመንገዳችን ባለው ወንዝ በረዶ ላይ ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚከተል የምለየው በዚያ ነው። ስለዚህ ማንም የሌላውን ከረጢት አይንካ። እኔ ብሞት ከእናንተ መካከል በመጨረሻው መሻገሪያ የቀደመው ይህን ምርኩዝ ይያዝ፤ ወንዙ ያለ መሪ አያድርም። መሪ ሂድ ያለው ይሄዳል፤ ቆይ ያለው ይቀራል። ማሉልኝ።»

ማሉለት።

ታርሚያ ከዚህ በፊት ሌላ መሐላ ምላ ነበር። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ቀትር ላይ ሰማዩ እንደ አመድ ነጣ፤ የውርጭ ዘንዶ ዝግናድም የሰንዳርን የበልግ ደወል ከቤተ መንግሥቱ ነጥቆ እየተሳበ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ውርጩ አልለቀቀም። እህል በእሸቱ ከሰለ፤ ሕዝቡ ሥራ ሥርና ዓሣ እየበላ ኖረ። ነቢያቱም «በጋን አይታ የማታውቅ እጅ ካልሆነች ደወሉን ከዘንዶው ደረት ሥር የሚያወጣው የለም» አሉ። ከስርቆቱ ወዲህ ከተወለዱት ሁሉ ታላቋ ሲራኔ ነበረች። በማግስቱ ነው የተወለደችው።

ንጉሡ ልጅቷን ሲያስጠራ እናቷ ተከትላ ገባች። «በእጄ ይዤ ካልመለስኳት እኔም አልመለስም» ብላ በዙፋኑ ፊት ማለች።

መንገዱ ስድስት ቀን ወሰደ። ፀሐይ አትጠልቅም፤ በአድማስ ዙሪያ እንደ ደከመች ከብት ትዞራለች። መሬቱ ድንጋይና ሽበት የመሰለ ሣር ብቻ ነው። ነፋሱ ፊትን ይልጣል፤ አልፎ አልፎ ጠጉራም አጋዘኖች ቆመው ያዩአቸዋል። በየማለዳው ጉርማን ቀኑን ይቀንሳል፤ «ዛሬ ዘጠኝ፣ ዛሬ ስምንት» እያለ ምርኩዙን ይዞ ይቀድማል።

ታርሚያ ግን የልጇን ጀርባ ታያለች። ማሰሪያው የሲራኔን ትከሻ አቁስሎታል። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት እናትየው ከልጇ ከረጢት የአንድ ቀን ጥቅል ቋንጣ አወጣችና ወደ ራሷ ከረጢት ጨመረችው። የልጇ ከረጢት እንዳይጎድል ደረቅ ሣር ሞላችበት። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች፤ በሌላውም ቀን። መንገዱ ቢረዝም ለልጄ ይሆናል ብላም ሁለት ቀን ከራሷ ድርሻ ግማሽ እየበላች ግማሹን አስቀመጠች።

«እማ፣ ሸክሜ ቀለለኝ» አለች ሲራኔ።

«ጉልበትሽ ጠንክሮ ነው።»

በስድስተኛው ቀን ከዝግናድ ዋሻ ደረሱ። ዘንዶው ተኝቶ ነበር፤ ትንፋሹ የነካው ድንጋይ ይሰነጠቃል። ሲራኔ በሆዷ እየተሳበች ገብታ እጇን ከደረቱ ሥር ሰደደች። ደወሉ እንደ እንቅልፋም ሕፃን ወደ እቅፏ መጣ። የደወሉን ምላስ በአጋዘን ጠጉር ጠቀለለችው፤ ደወሉ በሐመዳ መካከል ከጮኸ የረጋው ምድር ሁሉ ረግረግ ሆኖ እንደሚውጣቸው ጉርማን ነግሯት ነበር። መደወል የሚቻለው የመጨረሻውን ወንዝ ተሻግሮ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ወንዙ ዳር ቆሙ። ከኋላቸው፣ ከሜዳው ጫፍ፣ ነጭ አቧራ ይነሳ ነበር።

«ነቅቷል» አለ ቦራድ። «ማሩን ባስወጡኝ ጊዜ ይህ እንደሚመጣ አውቄያለሁ።»

ጉርማን አልሳቀም። በረዶውን በምርኩዙ እየመታ አዳመጠ። «ቀጥኗል። በረዶ በእያንዳንዱ እግር ይደክማል፤ ስለዚህ ከባዱ ይቀድማል፣ ቀላሉ ይከተላል። ስንቃችን የሁላችንም ሦስት ቀን ነው። ሲራኔ ደወል አለባት፤ ትቅደም። ቦራድ ጋሻ አለበት፤ ይከተል። ከዚያ እኔ። ታርሚያ ከሁላችን ቀላል ናት፤ ትጨርስ።»

ታርሚያ አፏን ከፈተች። ልናገር አለች፤ ተራው ቢቀየር ግን ልጄ ትዘገያለች ብላ ፈራች። የከረጢቷን ማሰሪያ አጠበቀች።

ሲራኔ ተሻገረች። ቦራድ ተሻገረ። ጉርማን ከዳር ደርሶ የያዘውን ገመድ ለቦራድ ሲያቀብል፣ ከወንዙ መካከል እንደ ጅራፍ የሚጮህ ድምፅ ተሰማ። በረዶው ከታርሚያ እግር ሥር ተሰንጥቆ እስከ ወገቧ ዋጣት። ሸክሟ ወደ ታች ይጎትታት ነበር፤ ማሰሪያው በረዶ ሠርቶ አልፈታ አለ።

ሽማግሌው የገመዱን ጫፍ ይዞ ተመለሰ። በደረቱ ተኝቶ ከረጢቷን በአንድ እጁ ጨበጠና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ የስንት ቀን ነው?»

አሁን መልሱን ታውቀው ነበር። «የሰባት» አለች። «የእኔ ሦስት፣ ካልበላሁት አንድ፣ የልጄ ሦስት።»

ጉርማን ማሰሪያውን በቢላዋ ቆረጠው፤ ከረጢቱ ሰጠመ። ገመዱን በብብቷ አሰረላት። ቦራድ ስቦ ሲያወጣት በረዶው በሽማግሌው ሥር ተከፈተ፤ ሁለት ትላልቅ የበረዶ ስባሪዎችም እግሩን እንደ ወጥመድ ያዙት። ቦራድ ገመዱን ደግሞ ወረወረለት። ጉርማን ጫፉን ይዞ ሞከረ፤ ከዚያ ለቀቀው።

ዝግናድ ወንዙ ላይ ወጥቶ ነበር።

ጉርማን ምርኩዙን በበረዶው ላይ ወደ ዳር አንሸራተተ። «ሲራኔ፣ ጠጉሩን ፍቺ።»

«እርስዎ በረዶው ላይ ነዎት፣ አያ።»

«የት እንዳለሁ አውቃለሁ። መሪ ያለሽን አድርጊ።»

ታርሚያ በርከክ ብላ የልጇን ቀሚስ ያዘች። «ቆይ፣ ትንሽ ቆይ» አለች። ለማን እንደምትለምን እሷም አላወቀችም። ዘንዶው ከሽማግሌው አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ሲራኔ ጠጉሩን ፈትታ ደወለች።

ድምፁ ከሰማይ እስከ ምድር ሄደ። ወንዙ በአንድ ጊዜ ውሃ ሆነ። ዝግናድ እየቀለጠ ሰጠመ፤ ሽማግሌውም አብሮ። ሞቅ ያለ ነፋስ መጣ። ሲራኔ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተታት፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

ለእናቷ ስንቅ ልታካፍል ከረጢቷን ፈታች። ሣር ወጣ። እየደጋገመች አወጣች፤ ሣር ነው። ከሥር የቀረችውን ትንሽ ቋንጣ ለቦራድ ሰጠችው። ቦራድ ሣሩን አይቶ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ሲራኔ ምርኩዙን ከመሬት አነሳች።

«ለእኔ ስጪኝ» አለች ታርሚያ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ልቅር፣ አንቺ ግቢ።»

«የቀደምኩት እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ በንጉሡ ፊት ምያለሁ።»

«በአያ ጉርማን ፊትም ምለሻል። ደግሞ አንቺ ሸክም መመዘን አትችዪም፣ እማ።» ድምፅዋ አልጠነከረም። የቦራድን ከረጢት በአንድ እጇ አነሳች። «የሦስት ቀን ነው። ለሁለት ሰው አንድ ቀን ተኩል ይሆናል። ፈጥናችሁ ሂዱ። ለእኔ ወንዙ ዓሣ አለው።»

«የለበስኩትን ብርድ ልብስ እንኳ ልተውልሽ…»

«አትንኪው። ተሸክመሽው ሂጂ።»

ቦራድ ደወሉን አዘለ። በሰንዳር በዚያ ዓመት ገብስ ታጨደ፤ ሕዝቡም ሦስት ቀን ዘፈነ። ንጉሡ ታርሚያን አስጠርቶ ልጅሽ የት አለች ሲላት፣ በዙፋኑ ፊት ቆማ በእጇ ምንም እንዳልያዘች አሳየችው።

ጉርማን ከወንዙ ሥር ቀረ። ሲራኔ ከወንዙ ዳር ቀረች። ታርሚያ፣ መሪ ሂጂ ብላታለችና፣ ሄደች።