ወደ ሕዝቡ የሚያየው በር

ጥፋቱ የዘማሪዎቹ ነው፤ ግርዶውን አዞሩት።

በሐርማዝ መንግሥት ታላቅ መቅደስ ውስጥ ዘማሪዎቹን ከሕዝቡ የሚለይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የድንጋይ ግርዶ አለ። ዐሥራ አንድ ቅዱሳን ተቀርጸውበታል፤ ዐሥራ ሁለተኛው፣ በረኛው፣ በመካከሉ ባለው የድንጋይ በር ላይ ነበር። ሁሉም የሚያዩት ወደ ሕዝቡ ነው። ሞጌድ የተባለው ፊት የለሽ አውሬ የድንጋይ ዓይን የሚያየውን ስፍራ አይረግጥም፤ በዚያ እይታ ውስጥ ከተያዘ ይጠፋልና።

የዘማሪዎቹ አለቃ ጎርዳም ግን ዕድሜ ልኩን የግርዶውን ሻካራ ጀርባ እያየ መዘመር ሰለቸው። «ምስሉ ለሚያንቀላፋ ገበሬ፣ ጀርባው ለእኛ?» አለና አስዞረው። በሳምንቱ ሞጌድ ዐሥራ ሰባት ሰው በላ። አንዱ የድንጋይ ጠራቢዋ የምዕላ ወንድም ነበር። ተደናግጠው ግርዶውን ሲመልሱት በሩ ወድቆ ደቀቀ፤ በበሩ ትክክል ያለው መተላለፊያ ጠባቂ አጣ።

ምዕላ ከዳጉር ተራራ ድንጋይ አምጥታ በረኛውን ልትቀርጽ በወንድሟ ደም ማለች። በቅሎ ነጂው ሰንደል አብሯት ወጣ፤ ጎርዳምም ማንም ሳይጠራው ተከተላቸው። ሰንደል መንገዱን ሙሉ አላስቀመጠውም። «አባ፣ እስቲ በቅሎዋንም ያዙሩልን፤ ፊቷን እያየን እንሂድ» ይለው ነበር። ሽማግሌው የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ወደፊት ይሄድ ነበር።

ሰንደል ከዳጉር አልተመለሰም። ድንጋዩን በገመድ ሲያወርዱ ሞጌድ ከኋላው መጣ። ገመዱን ቢለቅ ይተርፍ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ገደል ይገባ ነበር። አልለቀቀም።

ምዕላ አርባ ቀን ቀረጸች። እናቷና የተረፈው የከተማው ሰው በዐሥራ አንዱ ቅዱሳን እይታ ሥር፣ ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ተጨናንቀው ተቀመጡ። በሩ ተሰቅሎ ወደ ዘማሪዎቹ በኩል በተከፈተበት ጠዋት የቀረው ዓይኑ ብቻ ነበር፤ ምዕላና ጎርዳም በዚያው በኩል ቆመው ነበር። በሐርማዝ ጠራቢዎች ሥርዓት ዓይን መጨረሻ ላይ ይበሳል፤ የሚያየውም አንድ ሰው የራሱን የዓይን ብርሃን ሲሰጠው ነው። ምዕላ የራሷን ልትሰጥ ቆርጣ ነበር።

«አንቺ ገና ብዙ ትቀርጪያለሽ» አላት ጎርዳም፣ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ። «እኔ ላየው የጓጓሁትን አይቻለሁ። ይህን ያህል ዋጋ አልነበረውም።»

መሮዋን ሁለት ጊዜ መታች። በሁለተኛው ምት የሽማግሌው ዓይኖች እንደ አመድ ነጡ።

በዚያው ቅጽበት ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ሞጌድ በመቅደሱ ዋና በር ገብቶ መተላለፊያውን ይዞ ይመጣ ነበር። በረኛው የሚያየው በሩ ተዘግቶ ሲቀረቀር ነው፤ መቀርቀሪያው ደግሞ በሕዝቡ በኩል ነው። የጥንት ጠራቢዎች እንዲህ ያደረጉት ዘማሪዎቹ በሕዝቡ ላይ በር እንዳይዘጉ ብለው ነበር።

«ይቆዩ አባ። እኔ ልውጣ» አለችው።

«አንቺ ታይዋለሽ፤ ስታይው እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ለእኔ ግን ሁሉም ጨለማ ነው። መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?»

አርባ ቀን ሙሉ ልትረግመው ቃል ስትመርጥ ነበር። አሁን እጁን ይዛ የበሩ ጠርዝ ላይ አኖረችለት። «በቀኝ፣ በወገብዎ ልክ» አለችው።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሞጌድን በሐርማዝ ያየ የለም። ጎርዳምንም ያየ የለም፤ የምዕላ እናት ኋላ ከመቀርቀሪያው ሥር ያገኘችው ጫማውን ብቻ ነው። ምዕላ ግን ያየችው ይህን ያህል ነበር፦ ሽማግሌው ነጠላውን አጣፋ፣ ወደ ሕዝቡ ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋ።